ከደጀ ሰላሙ የቀሩ ምእመናን

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ። በዚያው ዕለት ቅብዐ ሜሮን ይቀባሉ፣ በዚያው ዕለትም ይቆርባሉ። ስለ ሕፃኑ ሃይማኖትን የሚመሰክረው የክርስትና አባቱ ነው። ከሕፃኑ የሚጠበቅ ማስተዋል የለም፤ ካህኑም ምሥጢሩ ገባው አልገባው ብሎ አይመረምረውም። ቤተ ክርስቲያን ልጇን የምትቀበለው በእውቀቱ ልክ ሳይሆን በጸጋ ነው።

ያ ሕፃን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ከሆነ፣ 15 ወይም 20 ዓመት ሲሞላው ከቅዳሴው እየራቀ ይሄዳል። ያባረረው የለም። እንዳይገባ የሚከለክል ጽሑፍም በደጁ አልተለጠፈም። አንድ እሑድ በቅዳሴ መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ ይስቃል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። በሌላው እሑድ የድምፅ ማጉያው ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ይወጣል፣ እናቱም ተከትላው ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ወደ ውስጥ መግባቱን ትተው ከዛፍ ሥር መቆም ይጀምራሉ። ቆይቶ እናቲቱ ብቻዋን ትመጣለች። በመጨረሻም ልጇን የሚጠብቅላት ስታጣ እሷም ትቀራለች።

ባለሙያዎች የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ከ100 ሰው በአንዱ ገደማ ላይ እንደሚገኝ ይገምታሉ። 3,000 ምእመናን ባሉት ደብር በዚህ ስሌት 30 ያህል ይኖራሉ ማለት ነው፤ ወላጅ፣ ወንድምና እኅት ሲታከል ጉዳዩ የሚነካው ሰው ከመቶ ያልፋል። በእሑድ ቅዳሴ ላይ ስንቱን እንደምናይ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን አጥቢያ ያስታውስ። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ ከእንግዳ ዓይን ይሸሽግ ነበር። ኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አንድ ነገር አይደሉም፤ በአንድ ሰው ላይ አብረው የሚገኙበት ጊዜ ግን ብዙ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርሱም የሚገጥማቸው ዓይን ተመሳሳይ ነው።

እነዚህን ምእመናን ወደ ቅዳሴው እንዴት እንመልሳቸው በሚለው ላይ የሚከራከሩት ወገኖች ሁሉ በቅንነት ይናገራሉ። መጀመሪያ መስማት የሚገባን ሥርዓቱ የሚያሳስባቸውን አባቶች ነው፤ ጨካኞች ተደርገው መሣላቸው ልክ ስላልሆነ።

ቅዳሴ፣ ይላሉ፣ ለተመልካች የተሰናዳ ዝግጅት አይደለም፤ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ መሥዋዕት ነው። ስለዚህ ለአንዱ እንዲመች እናሳጥረው፣ ለሌላው እንዲገባ እናቅልለው የሚለው አሳብ ገና ሲነሣ ይከብዳቸዋል። 14ቱ ቅዳሴያት ከነዜማቸው የተረከቧቸው ናቸው፤ ዛሬ ለበጎ ምክንያት አንድ ክፍል ቢዘለል ነገ ለስንፍና ሌላው መዘለሉ አይቀርም ብለው ይሰጋሉ። ሁለተኛው ሥጋታቸው ስለ ሥጋ ወደሙ ነው። የቆረበ ሰው አፉን በነጠላው ሸፍኖ የቁርባን ጠበል እስኪጠጣ ድረስ የሚጠነቀቀው፣ ቅንጣት ወይም ጠብታ እንዳይወድቅ ነው። በድንገት ሊተፋ ወይም ዕርፈ መስቀሉን በእጁ ሊመታ የሚችል ወጣት ፊት የቆመ ካህን ቢፈራ ፍርሃቱ ከአደራው የሚመጣ ነው። ሦስተኛው ሌላው ምእመን ነው። ትናንት ልጇን ቀብራ የመጣች እናት፣ የታመመ ባሏን ቤት ትታ ለአንድ ሰዓት ጸሎት የመጣች ሴት፣ እነሱም ጸጥታ ያስፈልጋቸዋል።

ከሦስቱ የመጀመሪያው ለእኔ ጠንካራ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሁለተኛው እውነት ቢሆንም መፍትሔ አለው፤ ለ40 ቀን ሕፃን እንዴት እንደሚደረግ ካህናቱ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ሕፃንም ይተፋል፣ ይወራጫል፣ ግን ይቆርባል። ሦስተኛው ላይ ነው የማልስማማው። በቅዳሴያችን ላይ ሕፃናት ሲያለቅሱ ማንም አያወጣቸውም፤ ስልክ ይጮኻል፣ ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል፤ ምእመኑ ይህን ሁሉ ታግሦ ይጸልያል። ያልለመደውን ድምፅ ብቻ ነው የማይታገሠው። መልመድ ደግሞ የሚቻለው ሰውየው ሲመጣ ነው።

የወላጆች ወገንም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ወላጅ ልጁ ከሌላው ምእመን እኩል ገብቶ እንዲያስቀድስ ይፈልጋል፤ ለብቻ የሚደረግለትን ነገር ሁሉ እንደ መገለል ይቆጥረዋል። ሌላው ደግሞ ለዓመታት ይቅርታ ሲጠይቅ ኖሮ ደክሞታል፤ ማንም ዞሮ የማያይበት፣ ልጁ ቢጮህ የማይሳቀቅበት አንድ ሰዓት ቢያገኝ ይበቃዋል። ሁለተኛውን ወላጅ ተስፋ ቆራጭ ነህ ማለት አይቻልም። የሚጠይቀው ዕረፍት ነው።

በምዕራቡ ዓለም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የመለሱት ለዚህኛው ወላጅ ጥያቄ ነው። አጠር ያለ፣ መብራቱና ድምፁ ዝቅ ያለ፣ መንቀሳቀስና መናገር የሚፈቀድበት ለብቻው የተዘጋጀ አገልግሎት ያደርጋሉ። ከዚህ እንቅስቃሴ ጀርባ ካሉት ታሪኮች አንዱ የሚጀምረው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ከባድ ውስንነት ያለባቸው ሁለት ወንዶች ልጆች የነበሯቸው ባልና ሚስት ከካቶሊክ ሀገረ ስብከታቸው ጋር ወደ ሉርድ ከተማ ለመሳለም ቢጠይቁ፣ ልጆቹ አይገባቸውም፣ ሌላውንም ተሳላሚ ያውካሉ ተብለው ተከለከሉ። ብቻቸውን ሄዱ፤ ያረፉበት ሆቴልም ምግባቸውን ከክፍላቸው ሳይወጡ እንዲበሉ አደረጋቸው። ከዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1971 ለትንሣኤ በዓል 12,000 ያህል ሰዎች፣ ከእነዚህ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩት ውስንነቱ ያለባቸው፣ ከቤተሰቦቻቸውና ከወዳጆቻቸው ጋር ሉርድን አጥለቀለቋት። "እምነትና ብርሃን" የሚባለው ማኅበር የተወለደው ከዚያ ጉዞ ነው። እነዚያ ባልና ሚስት የጠየቁት ከሌላው ተሳላሚ ጋር መሄድን ነበር። ለብቻ መጓዝ የመጣው አብሮ መሄድ ሲከለከል ነው።

ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ዣን ቫኒዬ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ላርሽ የተባለውን፣ ውስንነት ያለባቸውና የሌለባቸው ሰዎች አብረው የሚኖሩበትን ማኅበር ያቋቋመው እሱ ነው። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ላርሽ ራሱ ያስደረገው ምርመራ፣ ቫኒዬ መንፈሳዊ መካሪነቱን ሽፋን አድርጎ ሴቶችን በወሲብ ሲበድል እንደኖረ አረጋገጠ። ተበዳዮቹ ውስንነት ያለባቸው ሴቶች አልነበሩም። ነገሩን ያነሣሁት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ለነዚህ ምእመናን ለብቻ ቤት፣ ለብቻ ሰዓት፣ ለብቻ አገልጋይ ስንሰጥ ከሌላው ሰው ዓይን እናርቃቸዋለን። የደረሰበትን መናገር የማይችል ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የብዙ ሰው ዓይን ያስፈልገዋል። አገልጋዩ የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን ብቻውን ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግቶ እንዳይቀመጥ የሚል ደንብ መኖር አለበት።

አሁን ወደ አባቶች የመጀመሪያ ነጥብ ልመለስ፤ ሥርዓቱ አይነካ ወደሚለው። በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ከእነሱ ምክንያት ይለያል። የእኛ ቅዳሴ ባለበት ሁኔታ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለበት ሰው ከብዙ የዓለም አምልኮዎች ይልቅ የቀረበ ነው። አብዛኛው ዜማ በግእዝ ነው፤ ግእዙን ቃል በቃል የሚረዳ ምእመን ስንት ነው? ዶክተሩም፣ ነጋዴውም፣ ገበሬውም ከቃሉ በፊት የሚይዘው ዕጣኑን፣ የቃጭሉን ድምፅ፣ የካህናቱን አልባሳት፣ ዲያቆኑ ሲያዝ የተቀመጠው ሁሉ መነሣቱን ነው። ጫማ ማውለቅ፣ መሳለም፣ መስገድ፣ መስቀል መሳም፣ ጠበል መጠጣት፣ እነዚህ ሁሉ በሰውነት የሚማሯቸው ናቸው። ማንበብ የማይችል ወጣት የመጋረጃውን መከፈት ይጠብቃል፣ መቼ እንደሚሰገድ ያውቃል፣ የከበሮውን ምት ከማንም ቀድሞ ይይዛል። በየእሑዱ ተመሳሳይ ነገር በተመሳሳይ ቅደም ተከተል መደጋገሙ ሌላውን ሰው ቢያሰለቸው እንኳ ለእሱ ዕረፍት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋላ።

ስለዚህ እንቅፋቱ ከቅዳሴው ዳር ዳር ካሉት ነገሮች የሚመጣ ነው። የድምፅ ማጉያው አንዱ ነው። ድምፅ የሚያሠቃየው ሰው ባይኖርም እንኳ በጠባብ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያን ያህል መክፈት አስፈላጊ ስለመሆኑ ልንነጋገር ይገባል። ሁለተኛው መቆሚያ ቦታ ነው፤ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቷ በሌላ ወገን ስለሚቆሙ 20 ዓመት የሞላውን ልጇን ብቻዋን የምትንከባከብ እናት ከየትኛው ወገን ትቁም? ለዚህ ቀኖና መለወጥ አያስፈልግም፤ በበሩ አጠገብ አንድ ጥግ ቢለይ ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤት አንድ የሚያውቀው ወጣት አብሮት ቢቆም ይበቃል። ሦስተኛው ስብከቱ ነው። ቅዳሴው የሰጠውን ነገር ስብከቱ ይወስድበታል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቃል ብቻ ነው፤ ሥዕል የለበትም፣ ምልክት የለበትም። ለሌላውም ምእመን ቢያጥር የሚጎዳ አይመስለኝም።

ከሁሉም በላይ የጎደለው ግን ሥራ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 21 ላይ ከአሮን ዘር ነውር ያለበት ሰው መሥዋዕት ከማቅረብ ቢከለከልም ከቅዱሱ እንጀራ እንዲበላ ተፈቅዶለታል። አባቶች ይህን ሲጠቅሱ ማገልገልና መሳተፍ የተለያዩ መሆናቸውን ለማሳየት ነው፤ ለክህነት ልክ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ግን ክህነት የማይጠይቅ ብዙ ሥራ አለ። ምንጣፍ የሚያነጥፍ፣ ጧፍ የሚያድል፣ ግቢውን የሚጠርግ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ላይ ከበሮ የሚመታ፣ በበዓል ቀን ጠበል ጸዲቅ የሚያቀርብ ያስፈልጋል። ዳውን ሲንድረም ያለበትን ወጣት የጧፍ አዳይ ብታደርጉት ከዚያ ቀን ጀምሮ ምእመኑ ለምን መጣ ብሎ አይጠይቅም፤ ሲቀር ነው የት ሄደ የሚለው።

ስለ ቁርባን የሚነሣው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። በልማዳችን ሕፃናት እስከ 7 ዓመት ያህል ያለ ንስሐ ይቆርባሉ። ከዚያ በኋላ የንስሐ አባት፣ ጾም፣ ከመቁረብ በፊት 18 ሰዓት መታቀብ ይመጣል። አንድ የ25 ዓመት ሰው አእምሮው እንደ አምስት ዓመት ልጅ ነው ቢባል በየትኛው ወገን ይቆጠር? ብዙ ሰው፣ ካህናትም ጭምር፣ "እሱማ መልአክ ነው፣ ኃጢአት የለበትም" ይላሉ። ቃሉ ከደግነት የመጣ ነው፤ በተግባርም ብዙዎችን ወደ ቁርባን አድርሷል። ግን ዋጋ ያስከፍላል። መልአክ የተባለ ሰው አይማርም፣ አይገሠጽም፣ ንስሐ አይገባም፣ የሰው ወዳጅም አያስፈልገውም። ዳውን ሲንድረም ያለበት ጎልማሳ ግን ይቀናል፣ ይቆጣል፣ እኅቱን ይመታል፣ ቆይቶ ተጸጽቶ ጉልበቷን ያቅፋል። ይህ ሰው የንስሐ አባት ሊኖረው ይገባል፤ የሰውነት ክብሩ ይህን ይጠይቃል። በሌላ በኩል የአዋቂውን ሥርዓት ሁሉ ሳይጎድል ይፈጽም ማለትም የማይቻለውን መጠየቅ ነው፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ ያለበትን ሰው ስለ 18 ሰዓት ጾም ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገሩ ማስገደድ ለአደጋ ይዳርገዋል።

ሌሎች ይህን ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ ታግለውበታል። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1910 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ ለመጀመሪያ ቁርባን ማስተዋል የሚጀመርበትን ዕድሜ፣ 7 ዓመት ገደማን፣ መሠረት አደረጉ፤ ማስተዋሉ ለማይመጣ ሰውስ የሚለው ጥያቄ ግን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ ጳጳሳት ባወጡት መመሪያ ቁርባኑን ከተራ ምግብ መለየቱን በንግግር መግለጽ እንደማያስፈልግ፣ በሁኔታው፣ በምልክት ወይም በአክብሮት ዝምታው ከታየ እንደሚበቃ፣ ጥርጣሬ ካለም ለሰውየው መብት እንዲፈረድ ተወሰነ። የወንጌላውያን አማኞች ደግሞ ሌላ ገደል ይገጥማቸዋል፤ ጥምቀት ከግል የእምነት ምስክርነት በኋላ በሚሰጥባቸው አብያተ ክርስቲያናት መናገር የማይችል ሰው ምን ብሎ ይመስክር? ሕፃናትን በምታጠምቀው በመካነ ኢየሱስም ጥያቄው እምነትን በማጽናት ትምህርት ጊዜ ብቅ ይላል። በእስልምና ማገናዘብ የማይችል ሰው ሶላትና ጾም ግዴታው አይደለም፣ ኃጢአትም አይጻፍበትም። ይህ ትልቅ ምሕረት ነው። ግዴታ ከሌለበት ለምን ወደ መስጊድ ይመጣል የሚል ሰው ሲኖር ግን ምሕረቱ ወደ መቅረት ይለወጣል፤ ከግዴታ ነፃ መሆን ከጁምዓው የሶላት ረድፍ፣ ከአባቱ ጎን፣ መከልከል አይደለምና።

እኔ ከሁሉም የሚሻለው ጉዳዩን ሰውየውን በቅርብ በሚያውቀው የንስሐ አባት እጅ መተው ነው እላለሁ። እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ትክክል ነው፤ አንዱ አባት የፈቀደውን ሌላው ይከለክላል፣ ቤተሰቡ ሰፈር ሲቀይር ልጁ ከቁርባን ይታገዳል። ስለዚህ የንስሐ አባቱ ውሳኔ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ መነሻው መፍቀድ እንዲሆን ከሀገረ ስብከት የሚወርድ ትምህርት ያስፈልጋል። መንግሥት ይህን አያዝም፤ ሕገ መንግሥቱ በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክለዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ካህን እንዴት እንደሚያቆርብ አይደነግግም። አሜሪካም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣችው የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሃይማኖት ተቋማትን ነፃ አድርጓቸዋል። በዚያ ያሉ ወገኖቻችን ልጃቸው በትምህርት ቤት ሕግ ያስከበረለትን ረዳት አግኝቶ፣ እሑድ በእኛው ቤተ ክርስቲያን ግን የሚይዘው ሲያጣ የሚያዩት ለዚህ ነው። ልጁ የሚሰማው እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ደግሞ የአማርኛ ስብከቱ ሌላ ግድግዳ ይሆንበታል።

ስለ ጠበል ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ለብዙ ቤተሰብ ጠበል ቦታ ልጁ ሳይናቅ ተቀባይነት ያገኘበት ብቸኛ ሥፍራ ነው፤ እዚያ ያሉ አባቶችና አስታማሚዎች ያላቸውን ትዕግሥት በከተማ ደብር አላገኙም። ስለዚህ ጠበሉን በጅምላ የሚያወግዙትን አልከተልም። ነገር ግን ዳውን ሲንድረም የሚመጣው ሰውየው ከተፀነሰ ጀምሮ 21ኛው ክሮሞዞም ሦስት ሆኖ ስለሚገኝ ነው፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በሌሎች ዘንድ ውስንነቱ በወሊድ ጊዜ ከገጠመ የአየር እጥረት፣ በእናት ላይ ከነበረ የአዮዲን ጉድለት፣ ከማጅራት ገትር ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሰው መንፈስ አለበት ብሎ ማሰር፣ ለፍልፍ እያሉ መምታት፣ ጩኸት በማይወድ ሰው ጆሮ ላይ መጮህ በደል ነው። በወንጌላውያን መድረክም የፈውስ ጸሎት ተደርጎለት ያልተለወጠ ልጅ ወላጆች እምነት ጎድሏችሁ ነው ሲባሉ ያው በደል ይደገማል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የማን ነው ብለው ሲጠይቁ ጌታ የሰጠው መልስ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፏል፤ የእሱም የወላጆቹም አለመሆኑን ነግሯቸዋል።

ሌላም የተረሳ ወገን አለ፤ ራሱ ሰውየው። ስለ እሱ ካህናት ይከራከራሉ፣ ወላጆች ይከራከራሉ፣ እኔም ይኸው እጽፋለሁ። መምጣት ይፈልጋል? የትኛውን ክፍል ይወዳል? የቱ ያስፈራዋል? መናገር ባይችል እንኳ እጁን ይዛችሁ ስትሄዱ የሚፈጥንበትንና ወደኋላ የሚጎትትበትን ቦታ ማየት ይቻላል። ዕጣኑን የሚወድ፣ ሕዝቡን ግን የሚፈራ ከሆነ ሰው ያነሰበት የሰንበት ያልሆነ ቀን ቅዳሴ ይሻለዋል። ፈጽሞ የማይፈልግ ከሆነም ለወላጅ ስዕለት ሲባል አይጎተት፤ ካህኑ ቤቱ ድረስ ጠበልና መስቀል ይዞ ይሂድለት።

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕን እናስባለን፤ 38 ዓመት የተኛውን፣ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው ያጣውን። ያ ሰው የጎደለው ጠበሉ አልነበረም፤ ጠበሉ አጠገቡ ነበር። ፍርዴን ልስጥ፦ ለብቻ የሚደረግ ትምህርትና የመለማመጃ ቀን ይኑር፣ ለደከመው ወላጅም ያስፈልጋል፤ ለብቻ የሚደረግ ቅዳሴ ግን የዋናው ምትክ መሆን የለበትም። ቅዳሴው አይነካ፤ የድምፅ ማጉያው፣ የመቆሚያ ቦታው፣ ስብከቱና የእኛ ዓይን ይለወጡ።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ለሆናችሁ አንባቢዎች አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ከሕንፃው ማስጨረሻና ከንግሡ ዝግጅት አጠገብ ይህን አጀንዳ አስይዙ፦ በአጥቢያችን ውስጥ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ምእመናን ስንት ናቸው፣ ቤታቸውስ የት ነው? ከካህናቱና ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት ሰው መድባችሁ ከጥምቀት በፊት ቤት ለቤት ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ለእናቶቹም በበሩ አጠገብ ቦታ እንደያዛችሁላቸው ንገሯቸው።